በጆሮ የያዝኩት ሰዓት

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ዛሬ ብሩህን ለካነው። ስድሳ ሜትር፣ ስድስት ሰከንድ ከአምስት። በእጅ ሰዓት የተያዘ ስለሆነ ሃያ አራት ማይክሮ፣ ማለትም የሰከንድ ሃያ አራት መቶኛ፣ ይጨመርበትና 6.74 ይሆናል። ለቤት ውስጥ ሻምፒዮናው የሚጠየቀው 6.75 ነው። በአንዲት ማይክሮ ገባ!

ሜዳው ያው የፋብሪካው ሜዳ ነው። ሣሩን ባለቤታቸው የማይታወቅ በጎች ጨርሰውታል፤ ከወንዙ በኩል የሚመጣው ሽታ ጠዋት ጠዋት አፍንጫ ይሰነጥቃል። ከዚህ ግማት ተነስቶ ነው አንድ ልጅ ጣሪያ ያለው ሜዳ ላይ ሊሮጥ ውጭ አገር የሚሄደው። የማስነሻ ሽጉጡ ጥይት ካጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ አስነሺያችን ፈየራ መነሻው ላይ ቆሞ ሁለት ጣውላ ያጋጫል፤ እኛ መጨረሻው ላይ ሆነን ሰዓት እንይዛለን። ሕጉ ሦስት ሰዓት ያዥ ይላል። የተገኘነው እኔና የክለቡ ጸሐፊ አደሴ ብቻ ነን።

አደሴ «እኔ 6.7 ነው የያዝኩት» አለች። በእሷ ብንሄድ ልጁ 6.94 ሆኖ ይቀር ነበር። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነገርኳት። «ልጄ፣ ሰዓት በዓይን ይጀመራል፣ በዓይን ይቆማል። ጣውላው ሲገጥም አይተሽ ትጫኛለሽ፤ ድምፁን ከጠበቅሽ ስድሳ ሜትር ተጉዞ እስኪደርስሽ ሯጩ ሄዷል። ደረቱ መስመሩን ሲነካ ደግሞ ታቆሚያለሽ፤ አንቺ ካለፈ በኋላ ነው ያቆምሽው» አልኳት። ሃያ ስድስት ዓመት ሰዓት ይዣለሁ፤ ማን ይከራከረኛል።

«እኔ በዓይኔ ነው የጀመርኩት ጋሼ» አለች። «እኔ» የምትለዋን ለምን እንደጎተተቻት አልገባኝም።

ብሩህ ብድግ አድርጎ ተሸከመኝ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ሞልቷል። ላቡ አንገቴ ላይ ቀረ።

እሑድ፣ ጥር 17

ከቅዳሴ ስወጣ አንዲት ሴት እጄን ይዛ ሳመችኝ። «ጋሽ ገብረጻድቅ፣ ልጄን ሰው አደረጉልኝ» ስትል ነው የብሩህ እናት አስካለማርያም መሆኗን ያወቅኩት። ፈትል ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባው ነበር። ሁሉም ነጭ ለብሶ ሰው በምን ይለያል።

ረቡዕ፣ ጥር 20

የልኬታውን ቅጽ ለማስፈረም የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጣሰው ቢሮ ገባሁ። ሳምቡሳ እየበላ ነው። በዚያው እጁ ቅጹን ተቀበለኝ፤ የዘይቱ ጣት ከብሩህ ስም በላይ ታተመ። አፉ ሞልቶ ሳለ ይስቃል። «በአንድ ማይክሮ! አንተ ሰውዬ ጣትህ ወርቅ ናት» አለኝ። ፍርፋሪው እጅጌዬ ላይ ወደቀ። እየቀፈፈኝ አራገፍኩት።

የሁለተኛ ሰዓት ያዥ በሚለው ቦታ አደሴ 6.7 ብላ ሞልታለች። «ይሄ ምንድነው?» አለ ጣሰው። «ልምድ ማነስ ነው» አልኩት። «እንግዲያውስ ሰርዘህ ፈርምበት» አለኝ። ሰረዝኩት። አደሴ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ነበር፤ ስትጽፍ ግን አልተሰማኝም።

ስረዛዬ ከመስመሩ ወጥቶ የታችኛውንም ቃል ነክቷል። የዛሬ ወረቀት መስመሩ ምን እንዲህ አቅጥኖት ነው።

ጥር 27

ብሩህ ከብረታ ብረቱ ሥራ ለቀቀ። ፈቃድ አንሰጥም ሲሉት ቱታውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መጣ። «ጋሼ፣ 6.74 የሮጠ ሰው ብየዳ ላይ ምን ይሠራል? ከዚያ ስመለስ ክለቦች ራሳቸው ይደውሉልኛል» ይላል። ዓይኑ ያበራል መሰለኝ፤ ድምፁ እንደዚያ ነበር።

«ጥሩ አደረግህ» አልኩት።

ምሳ አልበላሁም። ምላሴ ቀኑን ሙሉ መራራ ነበር። ሐሞት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ኮዬ ፈጬ ልጄ ጋ ለመሄድ ወጥቼ ሳሪስ ተገኘሁ። የታክሲ ረዳቶች መጮህ ትተዋል፤ ታፔላ ሰቅለው ስልካቸውን ይነካካሉ። ሽማግሌ ሲጠይቃቸው ደግሞ «ተጽፎልሃል እኮ ፋዘር» ይላሉ። ስድ!

ፍቅርተማርያም ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቃኛለች። ሻይ አቀረበችልኝ፤ ስኳር ብዬ ጨው ጨመርኩበት። ዕቃዎቹን አንድ ዓይነት ገዝታ ጥፋቱ የእኔ ሆነ።

«አባዬ፣ ዓይንህን እንታይ።»

«ዓይኔ ደህና ነው።»

«ስልክህን እኮ አፍንጫህ ላይ አስደግፈህ ነው የምታነበው።»

ተናድጄ ወጣሁ። ሰዓት ያዥን ዓይንህን ታመሃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ክለቡ ውስጥ የቀረኝ ያ ሰዓት ብቻ ነው። ጡረታ ስወጣ ሁሉን ነገር አስረክቤ እሱን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

የካቲት 9

ጾም ገባ። ጣሰው የክለቡ በር ላይ ባነር አሰቅሏል። ሰዎች ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። የብሩህ ፊት ወደ ጎን ተለጥጧል፤ ከሥሩ በትልቁ 6.74። ቁጥሩን ለማንበብ ሥሩ ድረስ ሄጄ አንጋጠጥኩ። ደብዛዛ አድርገው ነው ያተሙት፤ ማተሚያ ቤቱ አጭበርብሯቸዋል። ለአደሴ ይህንኑ ብነግራት «ከመንገዱ ማዶ ይነበባል ጋሼ» አለችኝ።

ልጅቷ እያስጠላችኝ መጥታለች።

የካቲት 16

ብሩህ ሳይሄድ አንዴ እንድይዝለት ጠየቀኝ። «6.5ቷን ልድገማት፣ ልቤ እንዲሞላ።» እምቢ አልኩት። ሊሄድ የቀረው ሰው ጉልበቱን ልምምድ ላይ አያፈስም አልኩት። አመነኝ። ይሄ ልጅ ያልኩትን ሁሉ ያምናል፤ እሱም ያናድደኛል።

ዕቃ ቤት የመነሻ ብሎኮቹን ስመልስ ከግድግዳው ወዲያ አደሴ ለፈየራ ስትነግረው ሰማሁ።

«ሰውዬው ጣውላውን አያይም እኮ። አጠገቡ ነው የቆምኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚጠብቀው።»

«ተይ አንቺ! ልጁን ልታስቀሪው ነው?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም። እንደዚያው በይ።»

ሐሜተኞች! ሃያ ስድስት ዓመት!

የካቲት 17

አሁን ፀጥ ብሏል፣ ልጻፈው።

ዛሬ ጠዋት ፈየራ ታዳጊዎቹን ሲያስነሳ መጨረሻው መስመር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሰዓት አልያዝኩም፤ ዝም ብዬ ላይ ነው። ፈየራን አየሁት። መቆሙ ይታያል። እጅ እንዳለው አውቃለሁ። እጁን ሲያነሳ፣ ጣውላው ሲገናኝ ግን ቡናማ ነገር ይርገበገባል እንጂ መቼ እንደገጠመ አይለይም። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ አውራ ጣቴ ሰዓት የያዘ ይመስል በራሱ ተጫነ። ጣቴ ከጆሮዬ ጋር ነው የተጋባው። ጎረቤት ብረት ሲቀጠቅጥ እንኳ ይጫናል።

ፀሐይዋ ከፊቴ ነበረች። ፀሐይ ከፊት ስትሆን ማንም አያይም።

የልኬታው ቀን ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች። ጀርባዬን ስታሞቀኝ ትዝ ይለኛል። ይህን ለምን እንደማስታውስ እንጃ። የምጽፍበት አምፖል ደግሞ ደክሟል፤ ባለፈው ሳምንት ነው የቀየርኩት።

መጋቢት 6

ብሩህን ሸኘነው። ጣሰው አርባ ደቂቃ ንግግር አደረገ። ከአፉ የሚረጨው ምራቅ የፊት ወንበር ይደርሳል። ብሩህ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለኝ። «ከሽጉጡ ጋር ውጣ» አልኩት። አስካለማርያም ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ስምንተኛ። ከስምንት ሰው ስምንተኛ።

አደባባዩ ጋ ያለው ካፌ ነው ያየነው። ሙሉ ሰፈሩ ነበር፤ እኔን ፊት አስቀመጡኝ፣ አክብረው። ስክሪኑ ላይ ስምንት ቀለም ፈሰሰና አለቀ። ማን እንደቀደመ አላየሁም፤ ሰው ሲያጉረመርም ነው የገባኝ። ከጎኔ ያለውን «ስንት ሮጠ?» ብዬ ብጠይቀው «6.91፤ አላዩትም እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ሳቁ መጣ።

«ይሄ ነው 6.74?»

«ፈርቶ ነው ባክህ። ነጮቹን ሲያይ እግሩ ተሳሰረ።»

«እኛ ረጅም እንሩጥ፣ ይሄ የእኛ አይደለም።»

«ካሜራ ሲቀርበው ፈገግ ይላል ደግሞ! ተሸንፎ!»

አንዱ የብሩህን አሯሯጥ እያስመሰለ በጠረጴዛዎቹ መሃል ተንቀጠቀጠ። ትናንት ከባነሩ ሥር ፎቶ የተነሳ ሰው ነው፤ በድምፁ አወቅኩት። የማኪያቶው ሽታ፣ የሰው ላብ፣ የሚስቅ አፍ ሁሉ አስጸየፈኝ። ተነስቼ ወጣሁ። «ሰዓት ያዡም አፈረ» አሉ ከኋላዬ።

6.7 ሲደመር 24 ማይክሮ፣ 6.94።
6.91።
በሦስት ያንሳል።

ይህን ስሌት ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

መጋቢት 12

አልወጣሁም። ሽሮ ሠራሁ፣ ደፋሁት። ስልኬን አጠፋሁ።

መጋቢት 13

ደግሜ ደመርኩት። ያው ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ብሩህ ገባ። የተቀበለው እናቱ ብቻ ናት።

ጣሰው ሪፖርት አዘጋጅቶ ጠራኝ። «አትሌቱ በሥነ ልቦና ዝግጅት ማነስ ምክንያት የራሱን ሰዓት መድገም አልቻለም» ይላል። እሱ ነው ያነበበልኝ፤ መነጽሬን ረስቻለሁ ብዬው ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

«ልጁ ልብ የለውም። እግር ብቻ ምን ያደርጋል? አንተ የድርሻህን ተወጥተሃል፤ ፈርም» አለኝ።

ፈረምኩ። የት እንደምፈርም በጣቱ ሲያሳየኝ ያ ዘይት ያለው ጣት መሰለኝ። ታጥቦም ሊሆን ይችላል። ቤቴ ገብቼ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና አሸሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 20

ዙለይኻ ሱቅ ሽንኩርት ልገዛ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ሽንኩርቱን በሸራ ሸፍናለች። ልገልጠው ጎንበስ ስል ሸራው ዓይን አለው። የብሩህ ዓይን ነው። ባነሩ። ጉንጩ ላይ ጭቃ፣ ግንባሩ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ።

«ጣሰው ነው የሰጠኝ። ጥሩ ፕላስቲክ ነው፣ ዝናብ አያስገባም። ምነው፣ ይፈልጉታል?» አለችኝ። ሴትዮዋ ምንም አላጠፋችም። ሽንኩርቱን ትቼ መጣሁ።

መንገድ ላይ አስካለማርያም አገኘችኝ። እንደበፊቱ እጄን አልሳመችም፤ ሁለት እጇን እጄ ላይ ጭና ቆመች።

«ጋሼ፣ ልጄ ምን ነካው? እህል አይቀምስም። ‹እማ፣ እኔ ፈሪ ነኝ፤ እዚህ እሮጥና ሰው ሲያየኝ እሞታለሁ› ይለኛል። ብረታ ብረት ተመልሶ ሊለምን ነው መሰለኝ። እርስዎን ይሰማል፤ አንድ ነገር በሉት።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

ምን ብዬ? ምኑን?

መጋቢት 24፣ ማምሻ

ብሩህ መጣ። ጫማውን በፌስታል ይዞ ነው፣ ባለ ችንካሩን። ክለቡ የሰጠው ስለሆነ ለሌላ ልጅ ስጡት ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ወንበር ሰጠሁት። ከዚያ የተናገረውን እንዳለ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ የሚመቸኝን አድርጌ አስታውሰዋለሁና።

«ጋሼ፣ ሁሉም ፈርቶ ነው ይላል። እኔም እላለሁ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ግን አልፈራሁም ነበር። ብሎኩ ላይ ስቀመጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ሽጉጡ ሲተኮስ ከዚያ በፊት ወጥቼ የማላውቀውን አወጣጥ ነው የወጣሁት። መስመሩን ሳልፍ ‹ሰበርኩት!› ብዬ ነበር፤ ለካሜራው ፈገግ ያልኩት ለዚያ ነው። ቦርዱን ሳይ 6.91። ሰው እንዴት ፈርቶ መፍራቱን አያውቅም? እንደዚያ ከሆነ ራሴን በምን አምነዋለሁ?»

ሻይ ቀድቼ ሰጠሁት። «ይደርሳል፣ ሁሉም ላይ ይደርሳል» አልኩት። ይህን ነው ያልኩት። በገዛ አፌ።

«እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ብርጭቆውን ሳይነካው።

ከሄደ በኋላ አፌን ተጉመጠመጥኩ፤ ምሬቱ አልለቀቀኝም። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ሲያስጠላኝ ከረመ። የጣሰው አፍ፣ የአደሴ ዝምታ፣ የካፌው ሳቅ፣ ወንዙ። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከእኔ ነው። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩት። ጣውላውን አላየሁም። የልኬታው ቀን ብቻ አይደለም፣ ካየሁት ቆይቷል። ድምፁን እየጠበቅኩ እጫናለሁ። ለታዳጊዎቹ ልምምድ ማን ይጠይቀኛል፤ ሁሉም በእኩል ፈጣን ይሆንላቸዋል፣ ደስ ይላቸዋል። የብሩህ ቀን ግን አደሴ 6.7 ስትል ልክ መሆኗን በዚያችው ቅጽበት አውቄ ነበር። አውቄ ነው ያሳፈርኳት። ዓይኔን ከሚያውቁብኝ የልጁ ሰዓት ውሸት ይሁን አልኩ። አይ፣ ያኔ እንደዚህ ብዬ አላሰብኩትም። ግን ያደረግኩት እሱን ነው።

ልጁ በሕይወቱ ፈጣኑን ሩጫ ሮጦ መጥቶ ቤቴ ተቀምጦ ፈሪ ነኝ አለኝ። ሻይ ቀዳሁለት።

መጋቢት 26

ፍቅርተማርያም ወሰደችኝ። ሐኪሟ ፊደሎቹን አንብብ ስትለኝ ወረቀቱ የት ግድግዳ ላይ እንደሆነ ጠየቅኳት። የዓይን ሞራ ነው፤ ሁለቱም። «ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም፤ ቀዶ ጥገና ያድነዋል። እስካሁን ለምን ቆዩ?» አለችኝ። ልጄ መልሱን ከእኔ ትጠብቅ ነበር። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ሕማማት

አልጻፍኩም። ስሰግድ ከረምኩ። ቄሱ ጋ ቀርቤ አንድ ሌላ ኃጢአት ተናዝዤ መጣሁ። እሱም ትክክለኛ ኃጢአት ነው፤ ግን ያ አይደለም። ቅሌት!

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ነገርኩት።

ለብሩህ በአፍ ልነግረው ብሞክር እንደማልችል ስለማውቅ ሜዳ ና አልኩት። ማንም አልነበረም፣ በጎቹ ብቻ። ሰዓቱን ሰጠሁትና መጨረሻው መስመር ላይ አቆምኩት። እኔ ጣውላዎቹን ይዤ ወደ መነሻው ሄድኩ። «ጣውላው ሲገጥም ስታይ ጀምር፣ ድምፁን ስትሰማ አቁም» አልኩት። የሽማግሌ ጨዋታ መስሎት ፈገግ አለ ልበል? ከዚያ ርቀት ፈገግታ አይታየኝም።

አጋጨሁ።

«ስንት?»

«አሥራ ስምንት ማይክሮ።»

ደግሜ አጋጨሁ። አሥራ ስድስት። በሦስተኛው አሥራ ሰባት።

ስድሳውን ሜትር በእግሬ ተመለስኩ። ረጅም ነው። አጠገቡ ስደርስ፣ «የልኬታው ቀን ይህንን ከሰዓትህ ላይ ቀንሼልሃለሁ። ጣውላውን አላይም። በድምፁ ነው የጀመርኩት። አደሴ 6.7 ያለችው ልክ ነበር፤ አንተ የዚያን ቀን የሮጥከው 6.94 ነው» አልኩት።

ሰዓቱን ሲያይ ቆየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይደምራል።

«እዚያ የሮጥኩት 6.91 ነው።»

«አዎ።»

«አልፈራሁም ነበር።»

«አልፈራህም። እንደዚያ ሮጠህ አታውቅም።»

መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ትከሻውን ልይዘው እጄን ስዘረጋ ገፋኝ።

«አንተ ታውቅ ነበር» አለኝ። አንተ አለኝ። «ቤትህ መጥቼ ስነግርህ ታውቅ ነበር። ሻይ ጠጣ አልከኝ።»

«አዎ።»

«እናቴ ማታ ማታ እየተነሳች በሬን ታዳምጣለች፤ ራሱን ያጠፋል ብላ ነው። አንተ ግን ዝም አልክ። አስጠላኸኝ።»

ሰዓቱን መሬት ላይ አስቀመጠው። አልወረወረውም። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። ሄደ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ተመለሰ። «ያንን ለሰዎቹ ትናገራለህ?» አለኝ። እናገራለሁ አልኩት። «በእናቴም ፊት» አለ።

አስካለማርያም ጋ ማታውኑ ሄድኩ። ሁሉን ነገር ቆሜ ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። በሩን ከፈተችልኝ፣ እንድወጣ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 7

ጣሰው ምሳውን እየበላ አዳመጠኝ። ማኘኩን አላቋረጠም።

«ሪፖርቱ ሄዷል፣ ፋይሉ ተዘግቷል። ማን ጠየቀህ?»

«ልጁ።»

«ልጁ ይረሳዋል። አንተ ሰውዬ ክለቡን ልታዋርድ ነው? ዓይንህን ታከም፣ አርፈህ ሰዓትህን ያዝ። እኔ ምንም አልሰማሁም» አለና ሥጋውን ከጥርሱ ውስጥ በስንጥር እያወጣ አየው። ያንን ሰው ሁለት ወር ሙሉ ስጸየፈው ነበር። የሚለኝ ሁሉ ግን እኔ ለራሴ ስለው የከረምኩት ነው፤ አንድ ቃል አልጨመረም።

ወጥቼ አደሴ ጠረጴዛ ጋ ቆምኩ። የልኬታው ቅጽ ቅጂ እንዳላት ጠየቅኳት። ሳትፈልግ አወጣችው፤ የላይኛው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

«የሰረዝኩብሽ የት ጋ ነው?»

እጄን ይዛ ጣቴን ቦታው ላይ አስቀመጠችልኝ።

«የእኔን ሰርዥው። አጠገቡ 6.7 ብለሽ መልሰሽ ጻፊ። ከሥሩ ‹ሰዓት ያዡ የማየት ችግር ስለነበረበት በድምፅ ጀምሯል› በይና የምፈርምበትን አሳዪኝ። ሪፖርቱ ላይ የፈረምኩትንም ውሸት ነው ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ጽፋ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ጣሰውም በክፍቱ በር ይሰማል። ፈረምኩ። ማኅተም አይመታበትም፤ የእሷ መሳቢያ ውስጥ ግን አለ። አንዱን ቅጂ ለብሩህ፣ አንዱን ሪፖርቱ ለሄደበት ቦታ ልትልክ ነው።

«አንቺንም በድያለሁ» አልኳት።

«አዎ ጋሼ፣ በድለውኛል» አለች። አይዞዎት አላለችኝም።

ሰዓቱን ጠረጴዛዋ ላይ ትቼ መጣሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10

ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው። ዛሬ ሜዳ መሄድ አልነበረብኝም፣ ግን ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ፣ ከበጎቹ ጋር ቆምኩ።

ብሩህ ተመልሷል። አስካለማርያም ጫማውን ትናንት መጥታ ከቤቴ ወሰደችው፤ ውስጥ አልገባችም። መነሻው ላይ ፈየራ፣ መጨረሻው ላይ አደሴ። እሷ የት እንደቆመች ያወቅኩት «ዝግጁ!» ስትል ነው። ብሩህ ወደ ብሎኩ ሲወርድ በአጥሩ በኩል አለፈ፤ ሁለት ሜትር አይሆንም። አየኝ። ሰላም አላለኝም።

ፀጥ አለ። ቡናማው ነገር ከሩቅ ተርገበገበ። ጣውላው ጮኸ፤ አውራ ጣቴ ባዶ መዳፌን ተጫነ።

ጣቴ አስጠላኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አደሴ ሰዓቱን ጮክ ብላ ተናገረች፤ ብሩህ «ልክ ነው?» አላት፣ «ልክ ነው» አለችው፤ ከዚያ ብሩህ ለሁለተኛው ዙር ወደ መነሻው ተመለሰ።